የሰፈራችሁን ጥበብ በእግር ማስጎብኘት፦ ከመጀመሪያው በር እስከ ጉዞው ቀን

በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ላይ በባህል ሚኒስቴር የተሠራ አንድ ጥናት የሚያስገርም ነገር አሳየ። በአገሪቱ የሙዚቃ መሣሪያ የሚጫወተው ሰው በሚሊዮን ይቆጠራል፤ ሕዝብ ፊት ቆሞ የሚጫወተው ግን በጣም ጥቂት ነው። ሙዚቃው ያለው ከበር ጀርባ ነበር። እ.ኤ.አ. ጁን 21 ቀን 1982 ሁሉም መሣሪያውን ይዞ ወደ ጎዳና እንዲወጣ ጥሪ ተላለፈ። ያ ቀን ዛሬ ከ100 በላይ በሚሆኑ አገሮች የሙዚቃ ቀን ሆኖ ይከበራል።

ይህን ያስቀደምኩት ለሰፈሩ የጥበብ ቀን ማዘጋጀት የሚፈልግ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን እናምጣ?» ብሎ ስለሆነ ነው። መድረክ፣ ድንኳን፣ ስሙ የታወቀ ዘፋኝ ያስባል። እኔ የምመክራችሁ ከውጭ ምንም እንዳታመጡ ነው። ሠዓሊው፣ እንጨት ጠራቢው፣ ማታ ማታ የሚለማመደው የመዘምራን ቡድን፣ ታሪክ ያለው ደረጃ፣ ማን እንደሣለው የተረሳ የግድግዳ ሥዕል ሰፈራችሁ ውስጥ አሉ። የእናንተ ሥራ በሮቹን አንኳኩቶ በአንድ የእግር መንገድ ማገናኘት ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ለ2 ሰዓት የሚሆን፣ ከ6 እስከ 8 ማረፊያ ያለው፣ 15 ወይም 20 ሰው የሚሄድበትን ጉብኝት ከባዶ እንዴት እንደምታዘጋጁ ነው። ሦስት ሰው ካላችሁ 2 ወር ይበቃችኋል። ብቻችሁን ከሆናችሁ ግን 3 ወር ስጡት።

1. ብቻችሁን ሦስት ጊዜ ዙሩ

አንዱን ጠዋት፣ አንዱን ምሽት፣ አንዱን በዕረፍት ቀን አድርጉት። ያው መንገድ በሦስቱ ጊዜ ሦስት ሰፈር ይሆንባችኋል። ጠዋት የተዘጋ በር ምሽት ላይ ተከፍቶ ሸክላ ሠሪ ይታይበታል፤ በሥራ ቀን ጸጥ ያለው አዳራሽ በዕረፍት ቀን የዳንስ ልምምድ ይሰማበታል። ማስታወሻ ደብተር ያዙ። ስልክ ፎቶ ለማንሣት ጥሩ ነው፤ የሰማችሁትን ድምፅና የሸተታችሁን ቀለም ግን በእጅ መጻፍ ይሻላል።

ስትዞሩ ዐይናችሁን ከሱቆቹ ምልክት በላይ አንሡ። በየትኛውም ከተማ ምድር ቤቱ በየጊዜው ይታደሳል፤ መስተዋቱም ሰሌዳውም ይቀየራል። የላይኛው ፎቅ ግን ብዙ ጊዜ እንደ ድሮው ነው። የመስኮት ክፈፍ፣ በብረት የተሠራ የሰገነት መከለያ፣ በድንጋይ ላይ የተቀረጸ ዓመተ ምሕረት፣ ቀለሙ የለቀቀ የድሮ ማስታወቂያ የሚገኘው እዚያ ነው።

ከዚያ ሰው ጠይቁ፤ ግን ማንን እንደምትጠይቁ ዕወቁ። የሥዕል ፍሬም የሚሠራው ሰው በሰፈሩ ያለውን ሠዓሊ ሁሉ ያውቃል፤ የተሣለው ሁሉ አንድ ቀን በእጁ ያልፋልና። የሙዚቃ መሣሪያ የሚጠግነው ሙዚቀኞቹን ያውቃል። የማተሚያ ቤቱ ሰው ማን ምን ዝግጅት እንዳለው ከሁሉም ቀድሞ ያውቃል። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛና የሥዕል መምህር ደግሞ ስማቸው ገና ያልወጣ ወጣቶችን ይጠቁሟችኋል። እነዚህን አምስት ሰዎች ካገኛችሁ የ30 ቦታ ዝርዝር በአንድ ሳምንት ይሞላል። ከ30ው የሚቀረው 7 ወይም 8 ነው፤ ሌላውን ለሚቀጥለው ጊዜ አስቀምጡት እንጂ አትጣሉት።

2. በሩን አንኳኩ፤ መልሱንም አክብሩ

ይህ ክፍል ከሁሉም ይበልጥብኛል፤ ጉብኝቱ የሚሰምረውም የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። በስልክ ወይም በመልእክት አትጀምሩ። ሂዱና ሥራቸውን እዩ፤ ስለ ሥራው ጠይቁ፤ ጉዳያችሁን ከዚያ በኋላ አንሡ። መጠየቅ ያለባችሁ ሦስት ነገር ብቻ ነው። 15 ሰው ለ10 ደቂቃ ይዘን ብንመጣ ይመችዎታል? ሰው ምን ቢያይልዎ ደስ ይልዎታል? እንዳይነካ፣ ፎቶ እንዳይነሣ፣ እንዳይጠየቅ የሚፈልጉት ምንድን ነው?

ሦስተኛውን ጥያቄ ብዙ አዘጋጅ ይዘለዋል። አንድ እንጨት ጠራቢ ዘንድ የሄድኩ ጊዜ ሁለቱን ጥያቄዎች በአጭሩ «ይመቸኛል፤ የፈለጉትን ይዩ» ብሎ መለሰልኝ። ሦስተኛውን ስጠይቀው ግን እጁን ከሥራው አነሣ። መስኮቱ ሥር ወዳለው ጠረጴዛ ወሰደኝና በጨርቅ የተሸፈኑ መሮዎችን ገለጠ፤ ጫፋቸው ጎበጥ ያለ፣ ጥልቅ የሆነ፣ እንደ ጥፍር የቀጠነ፣ እያንዳንዱ በሌላ ስፋት። «እነዚህን አንድ ሰው ካነሣብኝ ስለቱ ይሄዳል፤ መልሼ ለመሳል ግማሽ ቀን ይፈጅብኛል» አለኝ። ከዚያ ግን አንዱን ራሱ አንሥቶ በሚጠርበው እንጨት ላይ ገፋው። ቅርፊቱ እንደ ጥቅልል ወረቀት ተጠቅልሎ መዳፌ ላይ ወደቀ፤ ሙቀት ነበረው። እዚያው ተስማማን። ጎብኚው መሮ አይነካም፤ ግን እያንዳንዱ ሰው አንድ ቅርፊት በእጁ ይዞ ይወጣል። በጉዞው ቀን ሰው ሁሉ እስከ መጨረሻው በእጁ እያሻሸ የሄደው ያንን ቅርፊት ነው። ምን እንዳይነካ ባልጠይቅ ኖሮ ምን እንደሚነካም አላውቅም ነበር።

«አይሆንም» ያለ ሰው ምክንያት እንዲሰጥ አትጠይቁት። ቤቱ ነው። በሌላ ጊዜ ራሱ ሊጠራችሁ የሚችለው ያን ቀን ካልተጫናችሁት ነው።

የተስማማችሁበትን በግማሽ ገጽ ጻፉና አንድ ቅጂ ስጧቸው፦ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ የሰው ቁጥር፣ ፎቶ ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም፣ አድራሻው ካርታ ላይ ይወጣል ወይስ አይወጣም። መኖሪያ ቤታቸው ውስጥ የሚሠሩ ሰዎች አድራሻ ያለ ግልጽ ፈቃድ በፍጹም አይታተም። ቡድኑን እናንተ ይዛችሁ ከሄዳችሁ አድራሻው መታተም አያስፈልገውም። ስለ ገንዘብም በቀጥታ ተነጋገሩ። ከጎብኚው የምታስከፍሉ ከሆነ በር የከፈተው ሰው ድርሻ አለው። «ማስታወቂያ ይሆንሃል» ብሎ የሰውን ጊዜ በነጻ መውሰድ እኔ ተገቢ አይመስለኝም። ጉብኝቱ ነጻ ከሆነ ደግሞ ያንኑ ንገሯቸው፤ ሥራቸውን በዚያው መሸጥ እንዲችሉም ተስማሙ።

3. ታሪኩን በሁለት ምስክር አጽኑ

ከዓመታት በፊት የመጀመሪያውን ጉብኝት ስመራ አንድ ባለ ሁለት ፎቅ አሮጌ ቤት ፊት ቆሜ የሀብታም ነጋዴ መኖሪያ እንደነበር ተናገርኩ። ያገኘሁት ከአንድ የቆየ ጽሑፍ ነበር። ንግግሬን ሳልጨርስ ከላይ መስኮት ተከፈተና አንዲት አሮጊት፣ «ልጄ፣ ይህ ቤት የነጋዴ ቤት ሆኖ አያውቅም። የልብስ ስፌት ትምህርት ቤት ነበር። እኔ የተማርኩት እዚሁ ነው» አሉኝ። ሃያው ሰው በሙሉ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። እርሳቸውም ማሽኖቹ በሁለት ረድፍ ቆመው እንደነበር፣ እግራቸው ያረፈበት የወለሉ ጣውላ እስከ ዛሬ ስርጉድ እንደሆነ ነገሩን። ከዚያ ወርደው በሩን ከፈቱልን፤ ስርጉዶቹን ቆጠርናቸው፤ አሥራ ሁለት ነበሩ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለት ደንብ አለኝ። አንደኛ፣ ስለ አንድ ቤት የምናገረውን ጽሑፍ በቅድሚያ ለሚኖርበት ወይም ለሚሠራበት ሰው አነባለሁ። ሁለተኛ፣ አንድን ነገር እንደ እውነት ለመናገር እርስ በርሳቸው ያልተቀዳዱ ሁለት ምንጮች ያስፈልጉኛል፤ አንዱ የሰው ቃል ከሆነ ሌላው ወረቀት፣ ካርታ፣ ፎቶ ወይም በድንጋይ ላይ የተጻፈ ነገር ይሁን። የማዘጋጃ ቤት መዝገብ፣ የቆየ የከተማ ካርታ፣ የግንባታ ፈቃድ ስጡኝ ብላችሁ ጠይቁ፤ በብዙ ቦታ ለማየት ይፈቀዳል። ቀን ያልተጻፈበት ፎቶ ካገኛችሁ ከበስተጀርባው ያለውን እዩ፦ የመብራት ምሰሶው ዓይነት፣ የመኪናው ሞዴል፣ ገና ያልተሠራ ሕንፃ፣ ትንሽ የነበረ ዛፍ። ፎቶው ከመቼ በኋላና ከመቼ በፊት እንደተነሣ ከነዚህ ይወጣል።

ሁለተኛ ምስክር ያልተገኘለትን ታሪክ መጣል የለባችሁም፤ «በሰፈሩ እንዲህ ይባላል» ብላችሁ ንገሩት። ሁለት ሰዎች አንዱን ታሪክ በተለያየ መንገድ ከነገሯችሁ ደግሞ ሁለቱንም አቅርቡ።

የሥዕልና የቅርጽ ሠሪዎችን ስም ፈልጋችሁ አግኙ። የፈጣሪው ስም ከሥራው ጋር የመጠራት መብት የበርን ስምምነት በሚባለው ዓለም አቀፍ የቅጂ መብት ውል ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1928 ጀምሮ ተጽፏል። ሕጉ ባይኖር እንኳ ግድግዳውን የሣለ ልጅ ከሰፈሩ ሰው ጋር ቆሞ ስሙ ሲጠራ መስማቱ የሚሰጠውን ደስታ አይታችሁ አትለፉት። ፊርማ ከሌለው የግድግዳውን ባለቤት፣ ከጎኑ ያለውን ባለሱቅ፣ ቀለም የሸጠውን ሰው ጠይቁ።

4. መንገዱን በእግራችሁ ለኩ

ካርታ ላይ የተሠራ መንገድ ያታልላል። አንድ ጤነኛ ሰው በሰዓት ከ4 እስከ 5 ኪሎ ሜትር ይራመዳል፤ 20 ሰው አብሮ ሲሄድ ግን ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል። አንዱ ጫማውን ያስራል፣ አንዱ ፎቶ ያነሣል፣ መሻገሪያ ላይ ቡድኑ ለሁለት ይከፈላል። ስለዚህ ሒሳቡን እንዲህ ሥሩት። 2 ኪሎ ሜትር ለቡድን 50 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። 7 ማረፊያ በ8 ደቂቃ 56 ደቂቃ ነው። ለመሻገሪያና ለመሰባሰቢያ 10 ደቂቃ ጨምሩ፤ 2 ሰዓት ሊሞላ ነው። ሌላ ማረፊያ ለመጨመር ስታስቡ ከየትኛው ደቂቃ እንደምትቀንሱ አስቀድማችሁ ወስኑ።

እያንዳንዱ ማረፊያ ላይ ቡድኑ የት እንደሚቆም ምልክት አድርጉ። ሰው ሳይጨናነቅ ለመቆም ለሁለት ሰው 1 ካሬ ሜትር ያስፈልጋል፤ ለ20 ሰው 10 ካሬ ሜትር ማለት ነው። የእግረኛ መንገዱ ይህን ያህል ካልሰፋ ሰዉ ወደ መኪናው መንገድ ይወርዳል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ከቤቱ ፊት ለፊት ካለው ጥግ ሆናችሁ አሳዩ፤ አለዚያም ማረፊያውን ተዉት።

ፀሐይን አትርሱ። ተናጋሪው ፀሐይን ፊት ለፊት ይያዝ፤ አድማጩ ከጀርባው ይሁንለት። የተቀረጸ ድንጋይ ወይም እንጨት የምታሳዩ ከሆነ ብርሃኑ ከጎን የሚመታበትን ሰዓት ፈልጉ፤ ጥላው ቅርጹን ያወጣዋል፤ እኩለ ቀን ላይ ያው ቅርጽ ጠፍጣፋ ይመስላል። ቀለም ያለውን የግድግዳ ሥዕል ግን ጥላ ባረፈበት ሰዓት ማየት ይሻላል፤ ቀጥታ ፀሐይ ያነጣዋልና።

አንድ ጊዜ መንገዱን የልጅ ጋሪ እየገፋችሁ ሂዱት። ጋሪው የታገለበት ቦታ ሁሉ ለተሽከርካሪ ወንበር፣ ምርኩዝ ለያዘና ጉልበቱን ለሚያመው ሰው ችግር ነው። ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሆን መወጣጫ ለእያንዳንዱ 1 ሜትር ከፍታ ቢያንስ 12 ሜትር ርዝመት ይፈልጋል፤ መተላለፊያውም 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያሻዋል። ደረጃ ማለፍ ግድ ከሆነ ዙሪያውን የሚያስኬድ መንገድ ፈልጉና አንድ በጎ ፈቃደኛ አብሮ እንዲሄድ መድቡ። ደረጃ መኖሩንም ጥሪው ላይ ጻፉት፤ ሰው ከመምጣቱ በፊት ይወቅ።

በጣም የሚያምረውን ማረፊያ መጀመሪያ ላይ አታድርጉት፤ ዘግይቶ የሚመጣ ሰው ሁልጊዜ አለ። ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ አድርጉት። መነሻው መጸዳጃ ያለውና በሕዝብ ትራንስፖርት የሚደረስበት፣ መድረሻው ደግሞ ሰው ተቀምጦ ሊጫወት የሚችልበት ቦታ ይሁን። ሰዎች ስልክ የሚለዋወጡትና ሥራ የሚገዙት ጉዞው ካለቀ በኋላ ባለው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው።

5. ቃሉን ለባለቤቱ ስጡ

እ.ኤ.አ. በ2006 ያረፈችው ጄን ጄከብስ ስለ ከተማ ሰፈሮች የጻፈች፣ በሰፈሮች መሐል ሊያልፉ የነበሩ ፈጣን መንገዶችንም ከጎረቤቶቿ ጋር ሆና የተቃወመች ሴት ነበረች። ወዳጆቿ እ.ኤ.አ. በ2007 በካናዳዋ ከተማ ቶሮንቶ ውስጥ በስሟ ነጻ የእግር ጉዞ ጀመሩ፤ ዛሬ በብዙ ከተሞች በየዓመቱ ይደረጋል። የጉዞው ጠባይ እየተራመዱ መወያየት ነው፤ መሪው ያውቃል፣ የመጣውም ሰው ያውቃል። እኔም ከዚህ የወሰድኩት አለ። በእያንዳንዱ ማረፊያ አስጎብኚው ከ2 ደቂቃ በላይ አይናገርም። የቀረውን 6 ደቂቃ በር የከፈተው ሰው ይውሰደው፤ እርሱ ካልፈለገ ጥያቄና መልስ ይሁን።

መናገር የሚያፍር ባለሙያ ካለ «ስለ ሥራህ ንገራቸው» አትበሉት። «ይህ ስንጥቅ ምንድን ነው?» ብላችሁ አንድ ነገር አመልክቱለት፤ ያኔ ሳያስበው ይናገራል። ለእያንዳንዱ ማረፊያ አንድ የሚታይ፣ አንድ የሚሰማ፣ ከተቻለ አንድ የሚዳሰስ ነገር ይኑራችሁ። ዓመተ ምሕረት አታብዙ፤ ሰው ከአንድ ቦታ ከአንድ ዓመተ ምሕረት በላይ ይዞ አይሄድም።

ድምፅንም አስቡበት። በአደባባይ የተናጋሪው ድምፅ ርቀቱ በእጥፍ በጨመረ ቁጥር በ6 ዴሲቤል (የድምፅ ኃይል መለኪያ ነው) ይቀንሳል። በ1 ሜትር ርቀት 70 ዴሲቤል የሆነ ከፍ ያለ ድምፅ 4 ሜትር ላይ 58 ገደማ ይሆናል። መኪና የሚበዛበት መንገድ ዳር ደግሞ 70 ዴሲቤል የተለመደ ነው። ከኋላ የቆመው ሰው የማይሰማው ለዚህ ነው። መፍትሔው ድምፅ ማጉያ መያዝ ሳይሆን ቡድኑን ከ20 አለማሳለፍና ንግግሩን ወደ ውስጥ ገባ ባለ ጥግ ማድረግ ነው። የመጣው ሰው 40 ከሆነ ሁለት መሪ አድርጉና በ20 ደቂቃ ልዩነት አስነሡ። ያው ስሌት ለሙዚቀኞችም ይሠራል፤ ሁለቱን በአንድ ጎዳና ላይ ከማድረግ በመካከላቸው ሕንፃ ወይም ማዕዘን እንዲኖር አድርጉ።

6. የጋራ ሥዕል ከፈለጋችሁ

ይህ ግዴታ አይደለም፤ ግን ሰፈር ሁሉ የሚሳተፍበት ነገር ከተፈለገ ከግድግዳ ሥዕል የሚሻል አላየሁም። የአሜሪካዋ ከተማ ፊላደልፊያ እ.ኤ.አ. በ1984 ግድግዳ ላይ የሚጽፉ ወጣቶችን ወደ ሥዕል ለማምጣት የጀመረችው ሥራ አድጎ ከተማዋን በሺዎች በሚቆጠሩ ሥዕሎች ሞልቷታል። እነርሱ የሚጠቀሙበት አንድ ዘዴ ለማንኛውም ሰፈር ይሆናል። ሥዕሉ በቀጥታ ግድግዳው ላይ አይሣልም። በቀጭን ያልተሸመነ ጨርቅ ላይ ቤት ውስጥ ተሥሎ፣ በመጨረሻ እንደ ግድግዳ ወረቀት በአክሪሊክ ማጣበቂያ ይለጠፋል። መሰላል መውጣት የማይችሉ አረጋውያን፣ ሕፃናት፣ በማረሚያ ቤት ያሉ ሰዎች ሳይቀሩ የራሳቸውን ክፍል መሣል የቻሉት በዚህ ነው።

አሠራሩ ይህ ነው። ንድፉን በ1 ለ10 መጠን ወረቀት ላይ ሥሩ፤ 5 በ5 ሴንቲ ሜትር በሆኑ ካሬዎች ክፈሉት። እያንዳንዱ ካሬ ግድግዳው ላይ 50 በ50 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ጨርቁን በዚያ ልክ ቁረጡ፤ ከጀርባው ረድፉንና ቁጥሩን ጻፉ፤ ሳትጽፉ ከተዋችሁት ሲለጠፍ ሰማይና ውሃ ይቀያየርባችኋል። መስመሩን እናንተ አስምሩ፤ እያንዳንዱን ክፍት ቦታ በየትኛው ቀለም እንደሚሞላ ቁጥር ስጡት። ሰው ቁጥሩን እያየ ይሞላል።

ግድግዳው መድረቁን ሳታረጋግጡ አትለጥፉ። አዲስ የሲሚንቶ ልስን 28 ቀን ይጠበቅለት። አሮጌ ከሆነ ደግሞ ጎኑ 45 ሴንቲ ሜትር የሆነ ላስቲክ ወስዳችሁ አራቱንም ጠርዝ በፕላስተር ዝጉና ግድግዳው ላይ ለጥፉት፤ ቢያንስ 16 ሰዓት አቆዩት። ስትገልጡት ከውስጥ በኩል ጠብታ ከያዘ ግድግዳው እርጥበት አለው፤ ከየት እንደሚመጣ ሳይታወቅ የተሠራ ሥዕል ይላጣል። ነጭ የጨው ዱቄት ያለበት ግድግዳም ምልክቱ ያው ነው። ለመጀመሪያ ሥራ ከ3 በ4 ሜትር አትለፉ።

7. ፈቃድና ደኅንነት

መንገድ ሳትዘጉ በእግረኛ መንገድ ላይ 20 ሰው ይዞ መሄድ በብዙ ቦታ ፈቃድ አይጠይቅም፤ መንገድ መዝጋት፣ ድምፅ ማጉያ ማቆም፣ ምግብ መሸጥ ወይም ድንኳን መትከል ግን ይጠይቃል። ከማዘጋጃ ቤቱ በጽሑፍ ጠይቃችሁ መልሱን በእጃችሁ ያዙ፤ ከ6 ሳምንት በፊት ጀምሩ። የመጀመሪያ ዕርዳታ የሚያውቅ አንድ ሰው፣ ሣጥኑ፣ የአደጋ ጊዜ ስልክ ቁጥር፣ ከቡድኑ መጨረሻ የሚሄድ አንድ ሰው አይቅሩ። ብቻቸውን የመጡ ልጆች ወላጅ ሳይፈቅድ ፎቶ አይነሡ።

8. ጥሪው ከጎረቤት ይጀምር

ማስታወቂያው ኢንተርኔት ላይ ከመውጣቱ በፊት በመንገዱ ላይ ያለው ቤት ሁሉ ይወቅ። አንድ ገጽ ወረቀት በየበሩ ስጡ፤ ቀኑን፣ ቡድኑ በበራቸው የሚያልፍበትን ሰዓት፣ የሚያገኙበትን ስልክ ጻፉ። በበሩ ላይ እንግዳ ሲሰበሰብበት የሚቆጣው ሰው ቀድሞ ያልተነገረው ነው። የተነገረው ግን በመስኮት ሰላም ይላል።

ካርታው ለሁለት የታጠፈ አንድ ወረቀት ይበቃዋል። የፊደሉ መጠን መነጽር ለሚያደርግ ሰው እንዲነበብ ከ12 ነጥብ አይነስ፤ ከመንገድ ስም ይልቅ የሚታይ ምልክት ጻፉ፣ ለምሳሌ «ሰማያዊው በር»፣ «ሁለቱ ዛፎች»። እንግዳ ሰው የሚሄደው በዚያ ነው። ምዝገባ ያዙ፤ ነጻ ከሆነ ከተመዘገበው ሰው ከፊሉ እንደሚቀር አስቡና ለ20 ቦታ 25 ያህል መዝግቡ።

9. ልምምድና ቀኑ

ከሳምንት በፊት ሰፈሩን ከማያውቁ አራት ሰዎች ጋር በዚያው ቀንና በዚያው ሰዓት ሙሉውን ሂዱት። ሰዓት የሚይዝ ሰው መድቡ። ሰዎቹ የት እንደሚያዛጉ፣ የት ጥያቄ እንደሚያበዙ ጻፉ፤ ያዛጉበትን አሳጥሩ፤ የጠየቁበትን አስፉ። ከአንድ ቀን በፊት እያንዳንዱን ባለ በር ደግማችሁ አነጋግሩ። ሰው ይታመማል፣ እንግዳ ይመጣበታል፤ ስለዚህ ሁለት ተጠባባቂ ማረፊያ በኪሳችሁ ይኑር።

በቀኑ ከሰዓታችሁ 5 ደቂቃ ብቻ ቆይታችሁ ተነሡ። ስትደርሱ መጨረሻ ያለው ሰው እስኪደርስ ሳትናገሩ ጠብቁ፤ ፊት ያለው ሰው ይታገሣል፣ ኋላ ያለው ግን አንዴ ካመለጠው እስከ መጨረሻው ወሬውን አያገኝም። የቀጣዩ ማረፊያ ባለቤት ዘንድ «በ10 ደቂቃ እንደርሳለን» የሚል መልእክት ይድረሰው። ዝናብ ቢመጣ መንገዱ ላይ ያሉት ሁለቱ ሰፋፊ ክፍሎች የት እንደሆኑ አስቀድማችሁ ዕወቁ፤ ቀሪውን ታሪክ እዚያ ተቀምጣችሁ ልትጨርሱ ትችላላችሁ።

10. ከጉዞው በኋላ

በሦስት ቀን ውስጥ በር ወደከፈቱት ሰዎች ሁሉ ተመለሱ። የታተመ ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ፤ በስልክ የተላከ ፎቶ ይጠፋል፤ የታተመው ግን ግድግዳ ላይ ይለጠፋል። ሰዎቹ ምን እንዳሉ ንገሯቸው፤ ምን እንዳስቸገራቸውም ጠይቁ። የአረጋውያኑን ወሬ በፈቃዳቸው ቀድታችሁ ከሆነ ስማቸውንና ቀኑን ጽፋችሁ ሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ አንዱን ቅጂ ለራሳቸው ቤተሰብ ስጡ።

ደብተራችሁን ለጉዞው ቀንም አትርሱት። በጉዞው መካከል ከአንድ በር ብቅ ብሎ «እኔም አለኝ» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ሰገነቱ ላይ የሸክላ ሥራ ያለው፣ አባቱ ያነሣቸውን የሰፈሩን ፎቶዎች በሣጥን ያስቀመጠ፣ ለአርባ ዓመት የሠራችውን ጥልፍ ለማንም ያላሳየች። ቆማችሁ የት እንደሚገኙ ጻፉ፤ ስማቸውንም ጠይቁ። የስፌት ትምህርት ቤቱን ታሪክ ከመስኮት የነገሩን እናት በሁለተኛው ጉብኝታችን አራተኛው ማረፊያ ሆኑ። ወንበር ይዘንላቸው ሄድን፤ እርሳቸው ግን ቁመው መናገር መረጡና ወንበሩን ነፍሰ ጡር ለነበረች አንዲት ጎብኚ ሰጧት።